ፎቅ ላይ ውኃ ሲለቀቅ ምድር ቤት የሚያጉረመርመው ለምንድን ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ደብረ ማርቆስ ነው የምንኖረው። ጂ ፕላስ ዋን ቤት ሠርተን ከፋሲካ በኋላ ገባን። ፎቅ ላይ ያለው ሽንት ቤት ውኃ ሲለቀቅበት ምድር ቤት ባኞ ውስጥ የወለሉ መውረጃ ጉልጉል ይላል። ከዚያ ሽታው ይመጣል፤ እስከ ማታ አይለቅም። ባለሙያ ጠርተን ሴፕቲክ ታንኩ ሞልቷል ስላለን አስመጠጥነው፤ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ ሴራሚኩ ተነሥቶ ቱቦው ይቀየር ይላል። ጣሪያ ላይ የወጣ ቱቦ የለም፤ ታንኩ ጋ ግን አጭር የአየር መውጫ አለ። ሴራሚኩን እናስፈርስ ወይ?»

እህቴ፣ አታስፈርሺ። ለጊዜው ተይው። መልሱን ራስሽ ጽፈሽዋል፤ «ጣሪያ ላይ የወጣ ቱቦ የለም» ያልሽው ጋ ነው ያለው። ቤታችሁ ቬንት፣ ማለትም የፍሳሽ መስመሩን ከውጭ አየር ጋር የሚያገናኝ ቱቦ፣ የለውም። ታንኩ ጋ ያለችው አጭር ቱቦ የታንኩን ጋዝ ታስተነፍሳለች፤ ለፎቁ ሽንት ቤት ግን አትደርስለትም።

እኔ በሳኒተሪ ሥራ ነው የምተዳደረው፤ መቀመጫዬ ባሕር ዳር ነው። ከዳንግላና እንጅባራ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም እስከ እናንተው ማርቆስ ስዞር የማየው ይኸው ነው። ቤቱ ያምራል፣ ሴራሚኩ ፊት ያሳያል፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም ነው፣ ቬንት ግን የለም። በጣም ነው የሚያናድደኝ። ግንባታው ላይ ቢታሰብበት አንድ ሁለት ቱቦ ተጨምሮ የሚያልቅ ሥራ ነበር። ሳይታሰብበት ሲቀር ባለቤቱ ዕጣን እያጨሰ፣ ባኞ ቤቱን በበረኪና እያጠበ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየተሳቀቀ ለዓመታት ይኖራል።

ብዙ ሰው ቬንት የሽታ ማውጫ ብቻ ይመስለዋል። ሽታም ያወጣል፤ ትልቁ ሥራው ግን አየር ማስገባት ነው። ይህ ካልገባ ቀሪው ሁሉ ስለማይገባ ከሲፎኑ ልጀምርልሽ።

ላቫንዲኖ ሥር ታጥፎ የሚታየውን ቱቦ ታውቂዋለሽ፤ ሲፎን እሱ ነው። የሽንት ቤት መቀመጫው ደግሞ ሲፎኑ ከራሱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የወለሉ መውረጃም ሊኖረው ግድ ነው። መታጠፊያው ውስጥ ሁልጊዜ ውኃ ይቀራል። ጥሩ ሲፎን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ይይዛል። አንቺ በምትተነፍሺው አየርና በታንኩ ጋዝ መካከል ከዚህች ውኃ በቀር ምንም የለም። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ አሌክሳንደር ካሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ የታጠፈ ቱቦ ያለውን ሽንት ቤት ለንደን ላይ በስሙ ያስመዘገበው በ1775 እ.ኤ.አ. ነው። ውኃዋ ቦታዋ ላይ እንድትቆይ ቱቦው አየር እንደሚፈልግ ለሰዉ የገባው ግን ቆይቶ ነው።

አየር ለምን ይፈልጋል? ሙሉ ጀሪካን ዘቅዝቀሽ ስትደፊ ውኃው እኩል አይወርድም፤ ጓ ጓ እያለ እየተናነቀ ነው የሚወጣው። የወጣውን ውኃ ያህል አየር መግባት አለበት፤ መግቢያው ደግሞ ያችው አንዲት አፍ ናት። ከኋላው ትንሽ ብትበሺው ግን ጸጥ ብሎ ይወርዳል። ቬንት ማለት ያቺ ቀዳዳ ናት። ቤታችሁ ያ ቀዳዳ ስለሌለው ቱቦው አየር በሌላ በኩል ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም በሲፎኖቹ በኩል ነው።

አሁን ፎቅ ላይ ውኃ ሲለቀቅ የሚሆነውን እንይ። ሽንት ቤቱ ላይ ያለው የውኃ ታንክ፣ የአሁኑ ከሆነ፣ አንዴ ሲለቀቅ 6 ሊትር ገደማ ያወርዳል፤ የድሮው 9 ሊትርም ይደርሳል። ውኃው በ110 ሚሊ ሜትሩ ቋሚ ቱቦ ሲወርድ አብዛኛው ግድግዳው ላይ እየተለጠፈ ነው የሚወርደው። መሐሉ አየር ነው። ውኃው ያን አየር እየጎተተ ይዞት ይወርዳል። ላይ የጎደለው አየር በጣሪያው በኩል ካልተተካ ቱቦው መሳብ ይጀምራል፤ የፎቁ ላቫንዲኖና የሻወሩ ሲፎን ውኃቸውን ያጣሉ። ታች ሌላ ነገር ነው የሚሆነው። ቋሚው ቱቦ ወደ አግዳሚው በሚታጠፍበት ቦታ የውኃው ፍጥነት በአንዴ ይቀንሳል፤ ውኃው ይከመራል፤ ለቅጽበትም ቢሆን ቱቦውን ሊሞላው ይችላል። ከፊቱ ያለው አየር ይታመቅና አጠገቡ ያገኘውን ሲፎን ገፍቶ ይወጣል። ጉልጉል የሚለው ድምፅ አንደኛው ይህ ነው። ውኃው ካለፈ በኋላ ደግሞ ከኋላው ይስባል፤ አሁንም የሚሳበው ያው የምድር ቤቱ ሲፎን ነው። መጀመሪያ ተገፋ፣ ቀጥሎ ተሳበ፤ ውኃው በዚያ መካከል አለቀ።

ይህን ለማድረግ ብዙ ኃይል አያስፈልግም። በትክክል በተነደፈ ቤት ውስጥ የቱቦው ግፊት ከውጭው አየር ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ እንዳይለይ ነው የሚፈለገው፤ በፓስካል 250 ገደማ። በጣም ትንሽ ነው። ከዚያ ካለፈ 5 ሴንቲ ሜትሯ ውኃ መወዛወዝና መፍሰስ ትጀምራለች። አንድ የማርቆስ ደንበኛዬ ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ሆኖ ይሆን ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይደለም። የአየሩ ግፊት ቱቦው ውስጥም ውጭም እኩል ስለሆነ ከፍታው ለውጥ አያመጣም፤ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሲለያዩ ብቻ ነው።

ያንቺ ሽታ እስከ ማታ አይለቅም ማለትሽ ብዙ ነገር ይነግረኛል። አየሩ ገፍቶ ብቻ ቢሆን ሽታው ብቅ ብሎ ይጠፋ ነበር። ሰዓታት ከቆየ ሲፎኑ ውኃውን አጥቷል ማለት ነው። ፎቅ ላይ ውኃ ከመለቀቁ በፊት የወለሉን መውረጃ ወንፊት አንሥተሽ በስልክሽ መብራት የውኃውን ልክ እይው። ተለቅቆ ካበቃ በኋላ ድጋሚ እይው። ጎድሎ ካገኘሽው ተሳቧል። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አፉ ላይ ብትይዢም ወደ ታች ሲሳብ ወይም ወደ ላይ ሲነፋ ታይዋለሽ። ሻማና ክብሪት ግን አይሁን፤ ከታንክ የሚመጣው ጋዝ ውስጥ የሚነድ ሚቴን አለ።

ቬንት ነው ብሎ ከመደምደም በፊት ግን ሌላውን ምክንያት ማጣራት ተገቢ ነው። ምድር ቤት መውረጃው ላይ ብቻ አንድ ባልዲ ውኃ ድፊ። ቀስ እያለ ከወረደ ወይም ከተንጣለለ ቱቦው በከፊል ተደፍኗል፤ መጀመሪያ እሱ ይጠረግ። ሳይዘገይ ከወረደ መደፈን የለም። ቀጥሎ ቤቱ አጠገብ ያለው ማንሆል ክዳኑ ተነሥቶ፣ ሰዉ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ፎቅ ላይ ውኃ ይለቀቅ። ክዳኑ ክፍት ሲሆን ጉልጉሉ ከቀነሰ ወይም ከጠፋ ችግሩ የአየር ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። ፎቅ ላይ ቋሚው ቱቦ የመጥረጊያ ክዳን ካለው ደግሞ እሱን ከፍቶ መሞከር ከሁሉም ይሻላል፤ ቱቦው ለጊዜው ቬንት አገኘ ማለት ነው። ታንኩንማ አስመጥጣችሁታል። የታንክ ችግር ቢሆን ኖሮ ለወራት እፎይ ትሉ ነበር እንጂ በሳምንቱ አይመለስም ነበር። ባሕር ዳር ላይ ጣና አጠገብ ባሉ ሰፈሮች ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ስለሚል ታንክ ቶሎ የሚሞላበት ጊዜ አለ፤ የታንኩ ውኃ ከመግቢያው ቱቦ በላይ ሲወጣ ቤቱ ያጉረመርማል። ስለዚህ ባለሙያው ታንኩን መጠርጠሩ ልክ ነው። ከተመጠጠ በኋላ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ማንም ሰው ማንሆል ውስጥም ታንክ ውስጥም እንዳይገባ፣ ጭንቅላቱንም እንዳያስገባ። እዚያ ውስጥ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ አለ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ሽታው ጠፋ ብሎ ሲረጋጋ ነው የሚወድቀው። እሱን ላውጣ ብሎ የገባውም አብሮት ይቀራል። በየጊዜው የምንሰማው ነው፤ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው። የወደቀ እቃ ካለ እዚያው ይቅር።

ወደ ጥገናው እንምጣ። መጀመሪያ ቋሚው ቱቦ የት እንዳለ እዩ። በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ በጓሮው በኩል በውጭ ግድግዳ ነው የሚወርደው። እንዲህ ከሆነ ሥራው በጣም ቀላል ነው፤ አንድም ሴራሚክ አይነካም። የፎቁ የመጨረሻ መጋጠሚያ ላይ አሁን ያለው ኤልቦ፣ ማለትም የታጠፈ መጋጠሚያ፣ ይሆናል። እሱ ተቆርጦ ይውጣና ሦስት አፍ ባለው መጋጠሚያ፣ በቲ፣ ይተካ። የቲው የላይኛው አፍ ክፍት ሆኖ በዚያው በ110 ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይቀጥል። አንድ ቱቦ 6 ሜትር ስለሆነ አንድ ወይም ሁለት ይበቃችኋል። ቱቦውን እያጠበቡ መሄድ አያስፈልግም፤ ወፍራሙን እስከ ጫፍ አውጡት።

ጫፉ ከጣሪያው በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ መስኮት ካለ ግን ከመስኮቱ ራስ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የጎረቤት መስኮትም ይቆጠራል፤ የራስን ሽታ ለሰው ማሸጋገር ነውር ነው። በቆርቆሮው መሐል ከምትበሱት በጣሪያው ክፈፍ ጫፍ ወጥቶ ቢያልፍ እመርጣለሁ፤ ዝናብ የሚገባበት ቀዳዳ አይኖርማ። ክፈፉን ለማለፍ መታጠፍ ካለበት በ45 ዲግሪ ኤልቦ ይታጠፍ። አግድም የሚሄደው ክፍል ወደ ታችኛው ቱቦ ትንሽ ይዘቅዝቅ፤ ማርቆስ ሌሊቱ ስለሚበርድ ቱቦው ውስጥ ጤዛ ይቋጠራል፣ ያ ውኃ መመለሻ ይፈልጋል። አፉ ላይ ወፍ እንዳይገባ ሰፋ ያለ ወንፊት ሽቦ እሰሩበት። ጠባብ ወንፊት ግን ሸረሪትና አቧራ ይደፍነዋል። ክዳን ካደረጋችሁበት ጎኑ ክፍት ይሁን። የክረምቱ ዝናብ በአፉ ቢገባም ግድ የለም፤ ከሽንት ቤት ውኃ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው። ፒቪሲን ፀሐይ ስለሚበላው ቀለም ይቀባ።

አንዳንዱ ቬንቱን ኮርኒስ ውስጥ አድርሶ እዚያው ያቆመዋል። «አይታይም፣ ቤቱ አይበላሽም» ይላል። ይህ ከሌለው ይብሳል። የታንኩ ጋዝ ኮርኒስ ውስጥ ተጠራቅሞ በመብራቱ ቀዳዳ ወደ መኝታ ቤት ይወርዳል። አንዳንዱ ደግሞ ጣሪያ ላይ ካወጣው በኋላ ሽታ ፈርቶ በክዳን ይደፍነዋል። ቱቦው ውጭ ከፍ ብሎ እስከወጣ ድረስ ነፋስ ይበትነዋል፤ አትድፈኑት።

የአየር ማስገቢያ ቫልቭ የሚባል ትንሽ ዕቃም አለ፤ ቱቦው ሲስብ ተከፍቶ አየር ያስገባል፣ ከዚያ በራሱ ይዘጋል። ጣሪያ ድረስ መውጣት በማይቻልበት ቦታ ይረዳል። ግን ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው። የታመቀ አየር አያስወጣም። ስለዚህ ያንቺን የምድር ቤት ግፊት አይነካውም፤ ቤቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ እስከ ውጭ ክፍት የሆነ ቬንት ከሌለ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። ጎማው ሲያረጅ ሽታ ያሳልፋል፤ ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረም ማን ይቀይረዋል? ካገኛችሁት እንኳ ለእናንተ ቤት የመጀመሪያ ምርጫ አላደርገውም።

የጣሪያው ቬንት ከገባ በኋላ ያንኑ የሶፍት ሙከራ ድገሚው። መሳቡ ይቆማል። ብዙ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እዚህ ላይ ይፈወሳል። መግፋቱ ግን ላይቆም ይችላል፤ ይህን ከአሁኑ እወቂው፣ ባለሙያው ዋሸኝ እንዳትይ። መግፋቱ ካልቆመ ምክንያቱ የምድር ቤቱ ቱቦ ቋሚው ቱቦ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ወይም እዚያው አጠገብ መጋጠሙ ነው። የእንግሊዝ የሕንፃ መመሪያ ምድር ቤቱን ጨምሮ እስከ ሦስት ወለል ላለው ቤት ዝቅተኛው መጋጠሚያ ከመታጠፊያው ወለል ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል ይላል። ምድር ቤት ባኞ ይህን ያህል ከፍታ ከየት ያመጣል? ስለዚህ መፍትሔው የምድር ቤቱን ቱቦ ለብቻው ወደ ማንሆሉ መውሰድ ነው። ቋሚው ቱቦ ጋ አይገናኝ፤ ማንሆሉ ላይ ይገናኙ። ይህም ቢሆን ከቤቱ ውጭ በጓሮ በኩል ተቆፍሮ የሚሠራበት መንገድ ብዙ ጊዜ አለ።

የምድር ቤቱ መስመር የራሱ ቬንት ቢኖረው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። መጠኑ ከፍሳሽ ቱቦው ግማሽ አይነስ፤ ከ32 ሚሊ ሜትርም አይውረድ። ለ50 ቱቦ እኔ 50 ነው የምሠራው፣ ልዩነቱ ጥቂት ብር ነው። የት ላይ ይጋጠም የሚለው ነው ዋናው ቁም ነገር፤ ብዙ ባለሙያ የሚስተውም እዚህ ነው። 50 ቱቦ በሜትር 2 ሴንቲ ይዘቀዝቃል እንበል። 2.5 ሜትር ሲሄድ 5 ሴንቲ ወረደ፤ የቱቦውን ሙሉ ውፍረት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጋጠም ቬንት አፉ ከሲፎኑ የውኃ ልክ በታች ይሆናል፤ ውኃው ራሱ አየሩን ይዘጋበታል። ስለዚህ ቬንቱ ከዚያ በፊት፣ ወደ ሲፎኑ ቀረብ ብሎ ይጋጠም። ተዳፋት ሲበዛ ጥሩ ነው የሚለው የግንበኞች ወግም በዚሁ ይወድቃል። ሲፎን አጠገብ ቱቦውን ቁልቁል ብትለቂው ውኃው ቱቦውን ሞልቶ ሲወርድ የራሱን ሲፎን ጠጥቶት ይሄዳል። ሲንክ ሥር ያቺን የምትተጣጠፍ፣ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበች የፕላስቲክ ቱቦ ቀጥታ ወለል ውስጥ የሚከቱትም ይኸው ነው የሚደርስባቸው። ሌላው፣ ቬንቱ ከፍሳሽ ቱቦው ከተነሣ በኋላ ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ አግድም መሄድ የሚችለው ከመታጠቢያው አፍ 15 ሴንቲ ከፍ ካለ በኋላ ነው። ዝቅ ብሎ ከተጋደመ ቱቦው በተደፈነ ዕለት ቆሻሻው ቬንቱ ውስጥ ይገባል፤ ፍሳሹ ሲጠረግ እሱ እዚያው ደርቆ ይቀራል።

የወለሉ መውረጃ ራሱ ምን ዓይነት እንደሆነም እዩት። ገበያ ላይ የሚበዛው ርካሹ፣ ውስጡ የተደፋች ኩባያ የመሰለች ነገር ያለችበት ነው። የሚይዘው ውኃ 2 ሴንቲ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ ውኃ ቶሎ እንዲወርድ ተብሎ ኩባያዋ ወጥታ ተጥላለች፤ ያኔ ቤቱና ታንኩ ተገናኙ ማለት ነው። ወንፊቱን ስታነሺ ይህን ካየሽ 5 ሴንቲ ውኃ በሚይዝ ቀይሩት። የሽታ መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው የጎማ ምላስም በውኃው ላይ ተጨምሮ ይረዳል፤ ውኃውን ግን አይተካም።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁለት ተጨማሪ ነገር አለ። አንደኛው፣ ውኃ ሲጠፋ ሽንት ቤቱ በባልዲ ይለቀቃል። ሙሉ ባልዲ በአንዴ ሲደፋ ከሽንት ቤቱ የውኃ ታንክ የበለጠ ውኃ በአጭር ጊዜ ሊወርድ ስለሚችል መሳቡም መግፋቱም ይብሳል። እስኪጠገን ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍላችሁ ድፉ። ሁለተኛው፣ የማይታጠብበት ባኞ ሲፎኑ በራሱ ይደርቃል፤ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀት፣ ባሕር ዳርማ ይፈጥናል። ቬንት ይህን አያድንም። የእንግዳ ባኞ ካላችሁ በሳምንት አንዴ አንድ ጆግ ውኃ የወለሉ መውረጃ ላይ ድፉበት። ለረጅም ጊዜ ከቤት የምትወጡ ከሆነ ከላዩ ትንሽ ዘይት ጠብ ቢደረግበት ትነቱን ያዘገየዋል።

ሴራሚኩን የምታስነሡት በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ቬንቱ ወጥቶ፣ የምድር ቤቱ መስመር ለብቻው ማንሆል ከገባ በኋላም የመውረጃው ውኃ ልክ ከጎደለ። ያኔ ወለሉ ሥር ያለው ሲፎን አልተገጠመም ወይም ተሰንጥቋል፤ መውረጃው ዙሪያ ያሉት ጥቂት ሴራሚኮች ብቻ ይነሣሉ፤ የባኞው ወለል በሙሉ አይፈርስም። ከዚያ በፊት ግን የጓሮውን ግድግዳና የማንሆሉን ቦታ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ቲው የት እንደሚገባ ምልክት አድርጌ እመልስልሻለሁ፣ ለሠራተኛው ታሳዪዋለሽ።